ቅሬታና ይቅርታ

ሰው የጠበቀውን ነገር ባጣ ጊዜ ምን ይበል? ዝም ይበልን ወይስ ይናገር? ቢናገርስ በየትኛው ቃል? ጥያቄው ለሰዋስው መምህር ብቻ የተተወ ይመስላል። ነገር ግን ቀርበው ሲመረምሩት፣ ወዳጅ ከወዳጅ፣ አባት ከልጅ፣ ሹም ከሕዝብ፣ መንግሥትም ከመንግሥት ጋራ የሚኖርበትን ሥርዓት የሚነካ ሆኖ ይገኛል።

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚሄድ መንገደኛ ውጫሌን ካለፈ በኋላ፣ መርሳ ሳይደርስ፣ ውርጌሳን ያገኛል። ውርጌሳ በሰሜን ወሎ በሐብሩ ወረዳ ያለች ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው ገበሬ ማሽላና ጤፍ ይዘራል፤ ክርስቲያኑና እስላሙም በአንድ ገበያ ይገበያያል፣ በአንድ ደቦ ያጭዳል። እንግዲህ በዚያ አገር አንድ ገበሬ እህሉ ደርሶ ደቦ ጠራ እንበል። ሚስቱ ሌሊቱን ስትጋግርና ስትቀቅል አደረች። ዐሥር ሰው ተጠራ፤ ዘጠኙ መጣ። ማታ፣ «እገሌስ?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ «ቀረ» ይባላል። በማግሥቱ ባለደቦው ያን ሰው በገበያ መንገድ ያገኘውና፣ «ምነው ቀረህ? ቅር አለኝ እኮ» ይለዋል። ያም ላሙ ታማ እንደ ዋለች ወይም ልቅሶ እንደ ደረሰበት ይነግረዋል። ባለደቦውም፣ «በል ይቅር» ብሎ አብረው ይሄዳሉ።

ይህን ንግግር የሰማ ሰው ምንም አዲስ ነገር አላገኘበትም። ነገር ግን ሦስቱ ቃላት፣ «ቀረ»፣ «ቅር አለኝ»፣ «ይቅር»፣ ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። የመጀመሪያው በውጭ የሆነውን ይናገራል፤ የሚጠበቀው ሰው አልመጣም፤ ቀረ። ሁለተኛው ያ ነገር በጠባቂው ልብ ውስጥ ያደረገውን ይናገራል፤ በውጭ የቀረው በውስጥ ቅር ሆነ። ቅሬታ የሚባለውም ይኸው ነው፤ ቅሬታ ማለት ነገሩ ካለፈ በኋላ በጽዋው ግርጌ እንደሚቀር አተላ፣ በልብ ግርጌ የቀረ ማለት ነው። ሦስተኛው ደግሞ ያን በልብ የቀረውን እዚያው ቀርቶ እንዳይመረዝ አውጥቶ ይተወዋል፤ ይቅር ይላል፤ ይቅርታም ከዚህ ተገኘ። የቤተ ክርስቲያን ሰው ይህን ሲሰማ በአቡነ ዘበሰማያት ያለው «ኅድግ» ትዝ ይለዋል፤ ኀደገ ማለት ተወ ማለት ነውና። በግእዙም በአማርኛውም ይቅርታ ከመተው የተወለደ ነው። አማርኛው ግን አንድ ተጨማሪ ነገር አለው፤ ይቅርታውን ከጉዳቱ ጋራ የአንድ እናት ልጅ አድርጎታል።

የእንግሊዝኛን ቋንቋ የሚማር የከተማ ልጅ በዚህ ነገር ዘወትር ይሰናከላል። እንግሊዞች የጠበቁትን ያጡ ጊዜ ከሁሉ ይልቅ የሚናገሩት ቃል «ዲስአፖይንትመንት» የሚባለው ነው። ቃሉ በ15ኛው መቶ ዓመት ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ የገባ ሲሆን፣ የመጀመሪያ ፍቺው ሰውን ከተሾመበት ሹመት ማውረድ ነበረ። «አፖይንት» መሾም ወይም ቀጠሮ መስጠት ነው፤ «ዲስ» የሚለው መነሻ ያፈርሰዋል። እንግዲህ በእንግሊዝኛው ጥንተ ነገር፣ ተስፋው ያልሞላለት ሰው የተሻረ ሹም ነው። ደጅ ጠንቶ፣ ካባ ተደርቦለት፣ በማግሥቱ የተሻረ ባላባት ይህን ቃል ያለ መዝገበ ቃላት በተረዳው ነበር። ቈይቶም ቃሉ ከሹመት ወደ ቀጠሮ፣ ከቀጠሮም ወደ ማናቸውም የተጠበቀ ነገር ወረደ።

ከዚህ ሌላ ቃላቸው ብዙ ነው። «ፍረስትሬሽን» የሚሉት በከንቱ ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ሆኖ፣ የደከመበት ነገር ፍሬ ያጣበትን ሰው ስሜት ይናገራል። «ሌት ዳውን» ሲሉ ወደ ታች መልቀቅ ማለት ነው፤ ተደግፎብህ የነበረውን ሰው ትከሻህን አሽሽተህ እንደ መጣል። «ሪግሬት» የሚለው ደግሞ የመሥሪያ ቤት ልብስ የለበሰ ቃል ነው፤ አልሰጥም የሚል ሹም አልሰጥም ከማለት ይልቅ አዝናለሁ ብሎ ይጽፋል። እንግሊዛዊ አባትም ልጁ ባጠፋ ጊዜ፣ አልተቈጣሁም፣ ነገር ግን ዲስአፖይንት ሆኛለሁ ቢለው፣ ልጁ ቁጣውን ቢያገኝ ይመርጥ ነበር። የሐበሻ አባት በዚያ ቦታ፣ «ካንተ ይህን አልጠብቅም ነበር» ይላል፤ ወይም አንዲት ቃል ብቻ ተናግሮ ይነሣል፤ «አሳፈርኸኝ»።

ስሕተቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ተማሪው ለዚህ ለእንግሊዝኛው ቃል ፍቺ ሲፈልግ «ተስፋ መቍረጥ» የሚለውን ያገኝና ይጽፈዋል። ከዚያ ወዲያ ጫማ ሰፊው በቀጠሮው ቀን ባያደርስለትም ተስፋ ቈረጥሁ ይላል፤ ወዳጁ ደብዳቤ ባይጽፍለትም ተስፋ ቈረጥሁ ይላል። እንግሊዝኛው ግን ይህን አላለም። እንግሊዞች ለተስፋ መቍረጥ ሌላ ቃል አላቸው፤ «ዲስፔር» ይሉታል። ዲስአፖይንት የሆነ ሰው ዛሬ የጠበቀውን አጥቷል፤ ነገ ግን ደግሞ ይጠብቃል። ተስፋ የቈረጠ ሰው መጠበቁን ራሱ ትቷል። ሊቃውንት ቀቢጸ ተስፋ ብለው ከከባድ ኀጢአት የሚቈጥሩት ይህን ነው፤ ይሁዳን ከጴጥሮስ የለየውም ይኸው ነው። ሁለቱም አሳዘኑ፤ አንዱ ግን ተስፋውን ቈረጠ።

ደግሞም የአማርኛውን ሰዋስው ልብ ይሏል። «ቅር አለኝ» በሚለው ንግግር ሰው ባለቤት አይደለም፤ ነገሩ በሰውየው ላይ የደረሰ ነው። «ተስፋ ቈረጥሁ» በሚለው ግን ቈራጩ ራሱ ተናጋሪው ነው፤ ቢላዋው በገዛ እጁ ነው። ስለዚህ ትንሹን ሐዘን በትልቁ ቃል የሚጠራ ሰው ያልሠራውን ሥራ ሠራሁ ይላል፤ ደጋግሞም ሲለው እጁ ቢላዋውን ይለምዳል። ይህ የተርጓሚ ጥቃቅን ክርክር ነው የሚል ቢኖር፣ ወጣቶች በየቀኑ ስለ ራሳቸው የሚናገሩትን ይስማ።

እንግሊዞችም ቢሆኑ በዚህ ቃል አሳባቸውን ለውጠዋል። ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት በአምስተኛው ምዕራፍ ስለ ተስፋ ሲናገር፣ የግሪኩ ቃል ማሳፈር የሚል ነው፤ አማርኛው እንዲሁ አድርጎ ተርጕሞታል። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1611 ዓ.ም. የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስም በሐፍረት ቃል ተርጕሞት ነበር። በ1946 የወጣው የታረመው አዲስ ኪዳን ግን ሐፍረቱን ትቶ በዲስአፖይንት ለወጠው። በሦስት መቶ ሠላሳ አምስት ዓመት ውስጥ ሐፍረት የነበረው የልብ ቅሬታ ሆነ። ሐፍረት በሰው ፊት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚያየው ነው። ቅሬታ ግን ሰው ለብቻው ተቀምጦ የሚቀምሰው ነው። የወሎ ገበሬ ደቦ ጠርቶ ሰው ሲቀርበት ሁለቱንም ያውቃል፤ በጎረቤት ፊት ያፍራል፣ በልቡም ቅር ይለዋል። የከተማው ሰው ግን ሐፍረቱን እየረሳ ቅሬታውን ብቻ ይዞ ቀርቷል።

አሁን ወደ ፊተኛው ጥያቄ መመለስ ይገባል። ይናገር ወይስ ዝም ይበል? ብዙ ደጋግ ሰዎች ዝምታን ያመሰግናሉ። ትሑት ሰው ቅር አለኝ አይልም፤ ምን ይገባኝ ነበርና ቅር ይለኛል ብሎ ራሱን ይወቅሳል ይላሉ። ይህ የመነኰሳት መንገድ ነው፤ ለቻለው ታላቅ ነው። ነገር ግን ዝም የሚለው ሁሉ ትሑት አይደለም። ለዝምታ አማርኛ ሌላ ስም አለው፤ ኩርፊያ ይባላል። ያኮረፈ ሰው ምሳው ራቱ ይሆናል እንደሚባለው፣ ኩርፊያ የበደለውን ሳይነካ ያኮረፈውን ያስርበዋል። ሆድ የባሰው ሰውም እንዲሁ ነው፤ ሳይጠየቅ ያለቅሳል፣ ሲጠየቅ ምንም አልሆንሁም ይላል። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ቅሬታውን ሳይናገር ፈጥኖ ይቅር የሚል ነው። ጠላቱም ወዳጁም ሳያውቅ ይቅር ብያለሁ ይላል፤ ምን እንደ ቀረበት ግን ራሱም አልመረመረውም። ያልተቈጠረ ዕዳ እንዴት ይማራል? ከሁለት ዓመት በኋላ በሌላ ነገር ሲጣሉ ያ ይቅር ተብሎ የነበረው ሁሉ ከነወለዱ ይወጣል።

ጻድቁ ኢዮብ የጠበቀውን ባጣ ጊዜ ዝም አላለም። የልደቱን ቀን እስኪረግም ድረስ ተናገረ። ወዳጆቹ ዝም በል፣ ጥፋቱ ያንተ ይሆናል እያሉ ገሠጹት። በመጽሐፉ መጨረሻ ግን እግዚአብሔር ቅን ነገርን አልተናገራችሁም ብሎ የተቈጣው በወዳጆቹ ላይ እንጂ በኢዮብ ላይ አይደለም። ወደ ኤማኁስ ይሄዱ የነበሩት ሁለቱ ደቀ መዛሙርትም ተስፋቸውን በኀላፊ ጊዜ ተናገሩ፤ ተስፋ ነበረን አሉ። ነበር የምትለው ቃል ከቅሬታ ቃላት ሁሉ የምታሳዝነው ናት፤ «ነበር ባይሰበር» የሚለውም ተረት የወጣው ከእርስዋ ነው። ይሁን እንጂ ለእንግዳው መንገደኛ ያን ባይነግሩት ኖሮ መልሱን ባልሰሙም ነበር።

ይህ በነገሥታት ታሪክም ታይቷል። ዐፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት ወር 1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ የወዳጅነት ደብዳቤ ጽፈው በቆንስል ካሜሮን እጅ ሰደዱ። ደብዳቤው ለንደን ደረሰ፤ በመሥሪያ ቤቱም መልስ ሳያገኝ ተቀመጠ። ቆንስሉ ያለ መልስ ተመልሶ ሲመጣ ንጉሡ በ1856 ዓ.ም. እርሱንና ሌሎች ኤውሮፓውያንን አሰሩ። ደብዳቤው ከተጻፈ ሦስት ዓመት ካለፈ በኋላ ራሳም የሚባል መልእክተኛ መልሱን ይዞ መጣ፤ ጊዜው ግን አልፎ ነበርና እርሱም በመጨረሻ ታሰረ። የዚህ ሁሉ መደምደሚያ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሆነ። የንጉሡ ቅሬታ እውነተኛ እንደ ነበር ማንም አይክድም፤ ደብዳቤ ጽፎ መልስ ማጣት ለተራ ሰውም ከባድ ነው፤ ለንጉሥማ ስድብ ነው። ነገር ግን ደብዳቤውን የናቀው ጸሓፊ በለንደን ነበር፤ ሰንሰለቱን የለበሱት ሰዎች ግን አልናቁትም። ቅሬታ ባለቤቱን ስቶ በሌላ ሰው ላይ ሲያርፍ ያን ጊዜ ራሱ በደል ይሆናል።

ከውርጌሳ ወደ ደቡብ ጥቂት ተጕዞ የሚደረስባት ውጫሌ ደግሞ ሌላውን ምሳሌ ትሰጣለች። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና የኢጣልያው መልእክተኛ አንቶኔሊ ውል የተዋዋሉት በዚያ ነው። የውሉ 17ኛ ክፍል በአማርኛው፣ የኢትዮጵያ ንጉሥ ከኤውሮፓ መንግሥታት ጋራ ሲላላኩ በኢጣልያ አማካይነት መላላክ «ይቻላቸዋል» የሚል ነበር። የኢጣልያንኛው ግን በዚያ መላላክን እንደ ተስማሙበት ግዴታ አድርጎ ጻፈው። ንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ መጫናቸውን ለኤውሮፓ ነገሥታት በጻፉ ጊዜ፣ ከለንደንና ከበርሊን የመጣው መልስ መላላኩ በሮማ በኩል እንዲሆን የሚያመለክት ነበረ። ወዳጅ አገኘሁ ብለው የጠበቁት፣ ጠባቂ ሆኖ ተገኘ። እዚህ ላይ የአማርኛው «ጠበቀ» ሁለት ፊት እንዳለው ይታያል፤ ተስፋ አድርጎ መቈየትም ዘብ ሆኖ መቆምም በአንድ ቃል ይነገራል።

ዳግማዊ ምኒልክ ያን ጊዜ ምን አደረጉ? አላኮረፉም፤ በአገራቸው የነበረውንም ኢጣልያዊ ሁሉ አላሰሩም። በ1883 ዓ.ም. በመስከረም ለንጉሥ ኡምቤርቶ ጽፈው፣ የአማርኛውና የኢጣልያንኛው ቃል አንድ እንዳልሆነ፣ እርሳቸውም በአማርኛው የፈቀዱት ምን እንደ ነበር አስታወቁ። የቀረባቸውን ነገር በስሙ ጠሩት፤ ለባለቤቱም ነገሩት። መልሱ ባላረካቸው ጊዜ በ1885 ዓ.ም. ውሉን መተዋቸውን ለመንግሥታቱ አስታወቁ። ዐድዋ የሆነው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። በጥቅምት 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የሰላም ውል ደግሞ የውጫሌው ውል ተሻረ። አማርኛ ሹመት ሲወርድም፣ ውል ሲፈርስም፣ ቍስል ሲድንም ሻረ ይላል፤ በዚያ ዓመት የትኛው እንደ ሆነ መለየት ያስቸግራል።

ነገር ግን ቅሬታን በቅን መናገር ሁልጊዜ ፍሬ ይሰጣል ማለት አይደለም። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው በአማርኛ ተናገሩ። ቃል የገቡት መንግሥታት ፊት ለፊታቸው ተቀምጠው ነበር። ሰሙ፤ ብዙም ሳይቈይ በኢጣልያ ላይ የጣሉትን የንግድ ቅጣት አነሡ። እንዲህ ከሆነ ንግግሩ ምን ጠቀመ? የጠቀመው ይህን ነው፤ ከዚያ ቀን በኋላ ከእነዚያ መንግሥታት ማንም አላወቅሁም ሊል አልቻለም። ቅሬታ የተነገረው ሰው ቢያስተካክልም ባያስተካክልም ምስክር ሆኗል።

ያልተነገረ ቅሬታ ምን እንደሚያደርስ ደግሞ ወሎ ከማንም ይልቅ ታውቃለች። የሐብሩ ገበሬ ዝናብ በጠፋ ጊዜ «ዝናቡ ቀረ» ይላል፤ ደቦ የቀረውን ሰው በጠራበት ቃል ዝናቡን ይጠራዋል። ዝናብ ግን ቃል አልገባም፤ አይወቀስም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ በደረሰው ረኀብ ዝናቡ መቅረቱ የማንም ጥፋት አልነበረም፤ የተራበው ሰው ድምፅ ተሸፍኖ መቈየቱ ግን ዝናብ ያደረገው አይደለም። ሁለቱን መለየት ይገባል። ሰው የሚያጣው ነገር አንዳንዱ ማንም ያልገባለት ቃል ነው፤ ያን ወደ ሰማይ አንጋጦ ይቀበለዋል፤ ወይም ራሱ ያለ ውል የጠበቀው መሆኑን ያውቃል። ሳይነግሩት ያውቅልኛል ብሎ ጠብቆ፣ ሳያደርግለት ሲቀር ከዳኝ የሚል ወዳጅ ስንት ነው! እንዲህ ያለው ሰው ቅር ቢለው አይፈረድበትም፤ ወቀሳው ግን ዕዳ ሳይኖር ዕዳ መጠየቅ ነው። ቃል የተገባበት፣ ዳቦ የተቈረሰበት፣ ፊርማ የወረደበት ግን ሌላ ነው። ያን ዝም ማለት ትሕትና ተብሎ ቢጠራ፣ ቃል ሰጪውን በሌላም ሰው ላይ እንዲደግመው መፍቀድ ነው።

በወሎ አገር የሚያስታርቁ ሽማግሎች፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ይህን መጽሐፍ ሳያነቡ ያውቁታል። ሁለቱን ባላጋራዎች ከዛፍ ሥር ሲያስቀምጡ ከመጀመሪያው ተቃቀፉ አይሉም። አንዱ ይናገር፤ ሌላው አያቋርጥ፤ ከዚያም ያኛው ይናገር ይላሉ። አንዳንድ ጊዜ ነገሩ ከመርዘሙ የተነሣ ጥላው ዞሮ ሽማግሎቹ ወደ ሌላው የዛፉ ጎን ይዛወራሉ። ብልኅ ሽማግሌ ይቅር ለእግዚአብሔር ከማስባሉ በፊት ተበዳዩን ይመለከትና፣ «በልብህ የቀረ አለ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ሰውየው ጸሓይ እንደ ዘቀዘቀች፣ ሰዎቹም እንደ ደከሙ ያያል፤ የለም ብሎ መገላገል ይቻለዋል። አንዳንዱ ግን ጥቂት ዝም ይልና፣ «አለ» ይላል። ያን ጊዜ ለመነሣት በትራቸውን ያነሡት ሽማግሎች በትራቸውን መልሰው ያስቀምጣሉ።